ቀይ ያልታየበት የምሳ ፈረቃ

ለክቡር የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ አዲሱ የፈረቃ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል፣ ቤተሰብዎስ ደኅና ነው ወይ፣ የምግብ ፍላጎትዎስ እንዴት ነው ብዬ እጠይቃለሁ። የመጨረሻውን የጠየቅሁት ለወጉ ያህል አይደለም። ሰው ማንም ሳያጣድፈው ቁጭ ብሎ አላምጦ መዋጡ ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ በቅርቡ ስለተማርሁ ነው። ይህ ጸጋ በእርስዎ ላይ እንዳይጓደል ከልብ እመኛለሁ።

ብዙ ሰው ስለሚጽፍልዎ ማን እንደሆንሁ ላስታውስዎ። ለሃያ ስድስት ዓመት በከተማ አውቶቡስ ስምሪት ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የትኛው ሹፌር በየትኛው መስመር ይውላል፣ አንዱ ሲታመም ማን ይተካዋል የሚለውን ስመድብ ነው ያረጀሁት። ከዚያ በኋላ ታላቅ ወንድሜ በገባበት የአረጋውያን መኖሪያ ቤት የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ ከሆንሁ ይኸው ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እኔ ወንድም ጋሼ እለው ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ደግሞ ጋሼ ይለው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ግንበኛ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ ከዚያ ወዲያ እጁ ማንኪያ አይዝም፣ ጉሮሮውም በግድ ነበር የሚውጥ።

እንደ እሱ ራሳቸውን ችለው መብላት የማይችሉ አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩን። ሰው ሲያበሏቸው፣ ያለ ጥድፊያ ከሆነ፣ ለአንዱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የምሳ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እንግዲህ አንድ በጎ ፈቃደኛ ሦስት ሰው ያበላል፤ ለአሥራ አንዱ አራት ሰው ያስፈልጋል። ይህን ለማወቅ የስምሪት ባለሙያ መሆን አያሻም። በምግብ አዳራሹ በር አጠገብ ሲባጎ ወጥሬ፣ በሲባጎው ላይ የልብስ መቆንጠጫዎች ሰክቼ፣ በእያንዳንዱ መቆንጠጫ ላይ የአንድ በጎ ፈቃደኛ ስም ጽፌ ነበር። የሚመጣ ሰው መቆንጠጫውን በሚመጣበት ቀን ላይ ይሰካል፤ የቀረበት ያነሣል። አራት ካልሞላ ወደ መንገዱ ማዶ ተሻግሬ ልብስ ሰፊዋን እለምናለሁ፤ እሷም መቀሷን አስቀምጣ ትመጣለች። አሠራራችን ይኸው ነበር፤ ኋላ ቀር እንደነበረ በደብዳቤ ነግረውናልና አልከራከርም።

ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ። ሲባጎው ለጎብኚ ዓይን ስለማይመች እንዲነሣ አድርገው በምትኩ ሶፍትዌር ስለሰጡን፣ አጠቃቀሙንም አንድ ሙሉ ጠዋት ስላሠለጠኑን አመሰግናለሁ። አሠልጣኙ ትሑት ሰው ነበር። ለእያንዳንዱ ፈረቃ ሁለት ሣጥን እንሞላለን፤ አንደኛው «ቢያንስ» ይላል፣ ሁለተኛው «ቢበዛ» ይላል። እኔ በሁለቱም ላይ አራት ልጽፍ ስል በቀስታ ጎንበስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ቢያንስ የሚለው ላይ ትንሿን ቁጥር ያስገቡ። ቁጥሩ ካልሞላ ቀይ ያሳያል፤ ቀይ ደግሞ ሪፖርት ላይ ወጥቶ ኃላፊው ጋ ይደርሳል» አለኝ። ትንሿ ቁጥር ስንት ናት ብዬ ብጠይቀው፣ «ዜሮን አይቀበልም፤ ስለዚህ አንድ» አለኝ። አንድ ብዬ አስገባሁ። በገዛ ጣቴ ነው ያስገባሁት። ስለዚህ ከሚከተለው ምስጋና ውስጥ የኔ ድርሻ እንዳይዘነጋብኝ በትሕትና አሳስባለሁ።

ሁለተኛ። በጎ ፈቃደኞቻችን ልበ ቀና ሰዎች ናቸው፤ የሚፈለጉበት መሄድ ይወዳሉ። ስልካቸውን ሲከፍቱ የእኛ ምሳ አረንጓዴ ሆኖ ያዩታል፤ አንድ ሰው ተመዝግቦበታላ። የሌላው ቤት የልብስ ማጠቢያ ቀይ ሆኖ ያዩታል፤ ወደዚያ ይሄዳሉ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት የነበረው ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ ሆነ። ልብስ ሰፊዋን መንገድ ላይ አግኝቼ ምነው ጠፋሽ ብላት፣ «ሞልቷል ብዬ ነዋ እትዬ፤ አረንጓዴ ነው እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው። በየተራ ብቻቸውን ከሚመጡልን አንዷ ጡረተኛ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይባላል፤ እሷ ግን አሥራ አንድ ሳህን ተሸክማ ካንዱ አልጋ ወደ ሌላው ስትሮጥ አንድም ቀን አላማረረችም። ለአንድ ሰው ስምንት ደቂቃ ይደርሰዋል። ክቡርነትዎ አንድ ቀን ግራ ጎንዎ ደንዝዞ እንደሆነ አስበው አንድ ሳህን ሾርባ በስምንት ደቂቃ ለመጨረስ ይሞክሩ፤ የሚቻል ከሆነ ያሳውቁን።

ሦስተኛ። ስለ እኩልነት። ሶፍትዌሩ ሁሉም እኩል ዕድል እንዲያገኝ ሲል አንድ ሰው በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ በወር ከአራት ጊዜ በላይ እንዳይመዘገብ ይከለክላል። ሐሳቡ ያስመሰግናል። ነገር ግን አንድ ፀጉር አስተካካይ አለን፤ ሱቁ ከእኛ ሁለት በር አልፎ ነው። ላለፉት አራት ዓመታት በምሳ ሰዓት ሱቁን ዘግቶ በየቀኑ ይመጣ ነበር። ወንድሜን ማብላት የሚያውቅበት እሱ ብቻ ነበር። በቀኝ በኩል ይቀመጣል፤ ትንሽ ያጎርሰዋል፤ ይጠብቃል፤ ከዚያ በሁለት ጣቱ፣ ጢም ሲላጭ ቆዳ እንደሚወጥረው አድርጎ፣ ከአገጩ ሥር ወደ ታች ዳሰስ ያደርገውና «ቀና በል ጋሼ» ይለዋል። ወንድሜም ይውጣል። እኔ እህቱ ስሞክረው ትን ይለው ነበር። ነርሷም ሞክራው አልሆነላትም። በሶፍትዌሩ ላይ ግን «አገጭ መዳሰስ» የሚል የሙያ ዓይነት የለም፤ ፈልጌ አጥቻለሁ። ፀጉር አስተካካዩ ከሰኞ እስከ ሐሙስ መጥቶ የወሩን ድርሻ በአራት ቀን ጨረሰ።

አራተኛ። ዓርብ ዕለት ድርሻው ማለቁን ብነግረውም መጣ። የበሩ ጠባቂ ጽሕፈት ቤትዎ ያደለውን ታብሌት ይዞ ቆሟል። ከውስጥ ሆኜ የሰማሁትን ነው የምጽፍልዎ።

«ስምህ የለም ወንድሜ።»

«ስሜማ አለ። ስንት ዓመት በስሜ ስትጠራኝ አልኖርክም?»

«እኔማ አውቅሃለሁ። የማያውቅህ እሱ ነው» አለ ጠባቂው፣ ታብሌቱን ከፍ አድርጎ።

ያልተመዘገበ ሰው ያስገባ ጠባቂ ከሥራ እንደሚታገድ በተጻፈው ሰርኩላር ላይ ፊርማዎ ስላለ፣ ሰውየው ባለ ትዳርና ባለ ልጆች ስለሆነ፣ አልፈርድበትም። ፀጉር አስተካካዩ ምሳ ሰዓቱ እስኪያልፍ አጥሩ ሥር ቆሞ ወደ ሱቁ ተመለሰ። በማግስቱም መጣ። በሳምንቱ ግን መምጣቱን ተወ፤ ከበር መመለሱ አሳፍሮት አዲስ ወር ሲገባም አልመጣም።

አምስተኛ። ይህኛው አጭር ነው። በመመሪያው መሠረት አስተባባሪው በፈረቃው ሰዓት ሁሉ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ በየአሥራ አምስት ደቂቃው «አለሁ» የሚለውን ካልነካ፣ ፈረቃው እንደተሰረዘ ተቆጥሮ ቀይ ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ያለው ከምግብ አዳራሹ አጠገብ ባለው ክፍል ነው። ከወንበሬ እስከ ወንድሜ አልጋ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። በሩ ክፍት ነበር፤ የማንኪያውን ድምፅ እሰማ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ «አለሁ» ስል ቆየሁ።

ስድስተኛ። ነርሷ ሳህን ሳይነካ ሲመለስ ምክንያቱን መሙላት አለባት። ሶፍትዌሩ ከሚያቀርብላት ምርጫዎች ውስጥ «ጊዜ አልበቃም» የሚል የለም፤ «አልፈለገም» የሚል አለ። ስለዚህ ወንድሜ ሠላሳ አራት ጊዜ አልፈለገም።

ማታ ማታ ሻይ ሳጠጣው ፊቱ ሲመነምን አይቻለሁ። እርጅና ነው አልሁ። ሰው ማመን የሚፈልገውን ለማመን ብዙ አይቸገርም። አንድ ምሽት ግን በዚያ በተጎተተ አንደበቱ፣ «ያ ሰውዬ ተቀየመኝ እንዴ?» አለኝ። ፀጉር አስተካካዩን ማለቱ ነው። ድርሻውን ጨርሶ ነው ብል የሚገባው ስላልመሰለኝ፣ ሥራ በዝቶበት ነው አልሁት። «ምን ብዬው ይሆን?» አለ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ ስለ ሰውየው አልጠየቀኝም።

በወሩ መጨረሻ የሚዛን ቀን ነው። ነርሷ ጠርታኝ መዝገቡን አሳየችኝ። ሶፍትዌሩ ከመምጣቱ በፊት ስልሳ አንድ ኪሎ ነበር፤ በመጀመሪያው ወር ሃምሳ ሰባት፤ በሁለተኛው ሃምሳ ሁለት። ወደ ክፍሌ ገብቼ «ቢያንስ» የሚለውን ሣጥን ከፈትሁና አንዱን አጥፍቼ አራት ጻፍሁበት። ሩብ ዓመቱ ሳያልቅ የሰው ብዛት መቀየር የጽሕፈት ቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል የሚል መልእክት መጣ። ፈቃድ ጠየቅሁ። «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ ወዲያው ደረሰኝ። ምስጋናዎን ተቀብያለሁ።

ሰባተኛ። በዚያው ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ኮምፒዩተሩን ትቼ ወንድሜ አጠገብ ተቀመጥሁ። ፀጉር አስተካካዩ ሲያደርግ እንዳየሁት ከአገጩ ሥር ዳሰስሁት፤ እጄ ግን እንደ እጁ አልሆነም። ሁለተኛውን ጉርሻ ሳነሣ ስልኬ ጮኸ። ከጽሕፈት ቤትዎ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ከእናንተ ሰው ሲደውልልን የመጀመሪያው ስለነበር ደስ አለኝ።

«የምሳ ፈረቃችሁ ቀይ ሆኗል» አለችኝ ሴትዮዋ።

ወንድሜን እያበላሁ ነው አልኋት።

«ጥሩ። በየትኛው ፈረቃ ነው የተመዘገቡት?»

ስልኩን ዘግቼ ማንኪያውን አነሣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ እያበላሁት ውዬ በየቀኑ ቀይ ሆኜ ዋልሁ። ነገር ግን ሰውነቱ አልቆ ነበር፤ እያንዳንዱ ጉርሻ ያስለው ጀመር። ምግቡ ወደ ሳንባው እየገባ ነው አለ ሐኪሙ። በአሥራ አራተኛው ቀን ጠዋት ዐረፈ። ሐኪሙ የሳንባ ምች ብሎ ጻፈ፤ ልክ ነው፣ የሳንባ ምች ነበር። ሶፍትዌር ሰው አይገድልም። ማንም ገደለ አላልሁም።

አላለቀስሁም፤ እስካሁንም አላለቀስሁም። ሰዎች ሆድ ይፍጀው ብለሽ ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን ሆዴ ውስጥ ምንም ያለ አይመስለኝም። በቀብሩ ላይ የሠራሁት ብቸኛ ነገር ሰው መቁጠር ነው፤ የስምሪት ልማድ ነው። ሬሣ ለመሸከም ስምንት ሰው ይበቃል። ሠላሳ አንድ ወንዶች ትከሻቸውን ሰጡ፣ እየተቀባበሉ ወሰዱት። ማናቸውም አልተመዘገቡም፤ ሞልቷል ብሎ የቀረም የለም።

ከቀብሩ በአራተኛው ቀን ጥያቄዬ መጽደቁን የሚገልጽ መልእክት ደረሰኝ። ዘግይቷል አልልም። ለቀሩት አሥሩ ደርሷል።

ስምንተኛውና የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ ምስክር ወረቀቱ ነው። መኖሪያ ቤታችን በሩብ ዓመቱ ከአሥራ አራት ቀን በቀር ቀይ ያልታየበት በመሆኑ ከተሸላሚዎቹ መካከል መመረጡን፣ እኔም በአዳራሹ ተገኝቼ እንድቀበል መጋበዜን አንብቤአለሁ። አሥራ አራቱ ቀን ለምን ቀይ እንደሆነ በአንድ ገጽ እንድገልጽም ታዝዣለሁ። ይህን ደብዳቤ እንደ መግለጫ ይቁጠሩልኝ፤ ከአንድ ገጽ ስለበለጠ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አሁን ደግሞ ከሰው ከመስማትዎ በፊት ከእኔ እንዲያውቁት የምፈልገው ነገር አለ።

ወንድሜ ባረፈ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ሰምቶ ምላጩንና ፎጣውን ይዞ መጣ። ጢሙ ሳይላጭ አይሄድም ብሎ ነው። ጠባቂው ታብሌቱን ይዞ አየው፤ ፊቱን አየ፤ ፎጣውን አየ። ከዚያ «የመጣህበት ሥራ?» ብሎ ጠየቀው። «ፀጉር» አለው። ጠባቂው «ፀጉር ማስተካከል» የሚለውን ሲነካ ታብሌቱ ድርሻ አልጠየቀም፣ ብዛት አልጠየቀም፤ አረንጓዴ ሆነና አሳለፈው። ለፀጉር ሥራ «ቢያንስ» እና «ቢበዛ» የሚሉትን ሣጥኖች ማንም ስላልሞላቸው ሶፍትዌሩ ድርሻም አይቆጥርበትም።

ፀጉር አስተካካዩ ወንድሜን ላጨው። ሲጨርስ በሁለት ጣቱ ከአገጩ ሥር ዳሰሰው። ተቀይሞህ አይደለም፣ በር ላይ ስለከለከሉት ነው ብዬ ለወንድሜ ሳልነግረው መቅረቴን ያን ጊዜ ለፀጉር አስተካካዩ ነገርሁት። ለረጅም ጊዜ ፎጣውን ሲያጥፍና ሲዘረጋ ቆየ። ከዚያ «አሁን የቀሩትን ማን ያበላቸዋል እትዬ?» አለኝ።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ በምሳ ሰዓት ሱቁን ዘግቶ ፀጉር ለማስተካከል ይመጣል። ልብስ ሰፊዋም ፀጉር ለማስተካከል ትመጣለች። የፖስታ ቤቷ ጡረተኛ፣ አንድ የቀድሞ ሹፌሬ፣ የእሱም ባለቤት፣ የነርሷ አጎት፣ ሁሉም ፀጉር ያስተካክላሉ። ፈቃድዎ ከደረሰ በኋላ እንኳ በዚሁ መንገድ መግባቱን መርጠዋል፤ በወር አራት ጊዜ የሚለው ስላልተነሣ ነው። አሥሩ ሰዎች ያለ ጥድፊያ ይበላሉ። መስኮቱ ሥር ያለችው እናት ሁለት ኪሎ ጨምራለች። በሚቀጥለው ሪፖርትዎ ላይ አሥር አረጋውያን በአንድ ወር አንድ መቶ ሰማንያ ጊዜ ፀጉራቸውን መስተካከላቸውን ሲያነቡ እንዳይደነግጡ ነው ይህን መጻፌ። ከአሥሩ ሦስቱ መላጣ ናቸው። ጠባቂውን በተመለከተ፣ በመመሪያው መሠረት የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው ያስገባው፤ ኃላፊነቱ የእኔ ነው።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ሥራዎ እንዲቃናልዎ፣ ስክሪንዎም ዘወትር እንዲለመልም እየተመኘሁ፣ በፍጹም አክብሮት እሰናበታለሁ።

የጋሼ ታናሽ እህት፣
የአረጋውያን መኖሪያ ቤቱ የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ፣
በሶፍትዌሩ ላይ ደግሞ ተጠቃሚ ቁጥር አንድ

ግልባጭ፦
ለልብስ ሰፊዋ፣
ለፀጉር አስተካካዩ፣
አንብቦ በግድግዳ ላይ እንዲለጥፈው ለበሩ ጠባቂ

ማስታወሻ፦ ለሽልማቱ ሥነ ሥርዓት የተያዘው ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ስለሆነ መምጣት አልችልም፤ ሐሙስ ሐሙስ አንድ ሰው ይጎድለናል። ምስክር ወረቀቱን ራስዎ ይዘውት ቢመጡ ግን ደስ ይለናል፤ እጅዎን ታጥበው ይምጡ፣ መስኮቱ ሥር ካለችው እናት አጠገብ ወንበር አለ። በሩ ላይ ሲደርሱ ሰው ለማብላት ነው የመጣሁት እንዳይሉ አደራ፣ ስምዎ ስለሌለ አያስገባዎትም። ፀጉር ቆራጭ ነኝ ይበሉ።